ወንድ የማይገባበት የእንሰት ጓሮ

ልጆቼ የእኔ ጓዝ አንድ ፌስታል ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቴፒ ቡናው ሲቀላ ትልቋ ልጄ ጋ እወርድና ከለቃሚዎቹ ጋር እውላለሁ። ሙቀቱ ሲከብደኝ በሸኮ በኩል አድርጌ ሚዛን እህቴ ጋ እሄዳለሁ። እዚያ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ ከተማውን ማየት እወዳለሁ፤ ሾፌሮቹ «እማማ፣ የት ላድርስሽ?» ሲሉኝ «ዝም ብለህ ወደፊት ንዳ» እላቸዋለሁ። ስዞር ከርሜ ስዞር ከርሜ ግን መመለሻዬ ጌጫ ነው፤ ጭጋጉና ብርዱ ያለበት፣ ነፍሱን ይማረውና ባሌ የተከለው እንሰት ያለበት።

ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ልጅ አዝዬ ነው፤ አማርኛውንም ከገበያ ነው የለቀምኩት። የምጽፈው ስለ ምራቴ ነው፤ ስለ ትንሹ ልጄ ሚስት።

ምራቴ የሚዛን ልጅ ናት። ወላጆቿ ከሰሜን የመጡ ጤፍ በሊታዎች ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሞባይል ጥገና ቤት ትሠራ ነበር። ልጄ የተሰነጠቀ ስልኩን ሊያሠራ ሄዶ ይዟት መጣ፤ ስልኩ እስከ ዛሬ እንደተሰነጠቀ ነው። ሴት ልጅ ወለደችለት፤ እሷም አሁን ድክ ድክ ትላለች፣ ዶሮ ታባርራለች።

የምራቴ ጭንቅ እንሰት ነው። በእኛ ዘንድ ምራት ስትመጣ ሴቶቹ ፊቷን አያዩም፣ እጇን ነው የሚያዩት። እንሰት እንዴት እንደሚፋቅ ለማያውቅ ልንገር። ጣውላ ግንድ ላይ ዘንበል አድርገሽ ታስደግፊያለሽ። መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ የእንሰቱን ቅርፊት ጣውላው ላይ ትዘረጊና አንድ እግርሽን ወደ ላይ አንስተሽ በተረከዝሽ ትጫኚዋለሽ። ከዚያ በሁለት እጅሽ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትልጊዋለሽ። ፈሳሹ ይወርዳል፣ ነጩ ይወርዳል፣ ቃጫው እጅሽ ላይ ይቀራል። የተፋቀው ጉድጓድ ገብቶ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። እንደዚህ ሆነሽ ውለሽ ስትነሺ ወገብሽ የራስሽ አይደለም።

እኛ ስንፍቅ ታዲያ ወንድ ወደዚያ ጓሮ አይገባም። ወንዶቹ ሲያወሩ ወንድ ካየው ቆጮው ይበላሻል ይላሉ፤ ለልጆቻቸውም እንደዚያ ነው የሚያስተምሩት። እኛ ሴቶቹ አንከራከራቸውም። እግራችንን ሰቅለን፣ ቀሚሳችንን እስከ ጭናችን ሰብስበን ነው የምንውለው። ደግሞ እዚያ የሚወራውን ወንድ ከሚሰማው ቆጮው ቢበላሽ ይሻላል። ማን ባሏን እንደጠላች፣ ማን እንዳረገዘች፣ የማን ልጅ ሳትፈልግ ሊድሯት እንደሆነ የሚሰማው እዚያ ነው። ብዙ ነገርም እዚያው ተቀምጠን ፈትተናል።

ምራቴን እዚያ ይዣት ገባሁ። ሞከረች፤ እውነት ለመናገር ከልቧ ሞከረች። እግሯ ይንሸራተታል፣ መፋቂያው ቅርፊቱን ይበሳዋል፣ ፈሳሹ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ሴቶቹ ደግሞ አይምሯትም።

«ኧረ ቀስ! ስልክ መሰለሽ እንዴ የምትከፍቺው?» ትላለች አንዷ።

«ቻርጅ ጨርሳ ነው፣ ተዋት» ትላለች ሌላዋ፤ ሳቅ ይሆናል።

መጀመሪያ አብራ ትስቅ ነበር። እየቆየ ሳቋ ቀረ። ሚዛን ስትሄድ ደግሞ የእናቷ ጎረቤቶች «ቆጮ ፋቂዋ መጣች» ይሏታል። እዚህ የከተማ፣ እዚያ የገጠር። በልጄም አልፈርድም፤ ይወዳታል፣ ግን እሷ ስታለቅስ ወጥቶ ከብት ያያል።

አንድ ቀን ልብስ እያጠብን ሳለ ቀና ሳትል «እማማ፣ ለመስቀል ሚዛን ልወርድ ነው» አለችኝ።

«ደግ ነው፤ እናትሽን ሳሚልኝ። መቼ ትመለሻለሽ?»

የልጅቷን ቀሚስ ደግማ ደጋግማ ታሸዋለች፤ ከጸዳ ቆይቷል። ያኔ ገባኝ። ጓደኛዋ የጥገና ቤቱን ቦታ እንደያዘችላት በኋላ ነገረችኝ። ከሄደች አትመለስም፤ የልጅ ልጄም አብራት ትሄዳለች። እኔ መዞር እወዳለሁ ብያለሁ፤ ቤት ፈርሶብኝ ግን አልዞርም።

እሷ ማታ ማታ መጽሐፍ ታነባለች። የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው፤ የሌላ አፍሪካ አገር ሰው የጻፈው። አንብባ ስትጨርስ በአማርኛ ትተርክልኛለች። አንዷ ሴት ተምራ ከከተማ ትመጣለች፣ ባህሉ አልቀበል ይላታል፣ ባሏም ይዞርባታል።

«መጨረሻዋስ?» አልኳት።

«ወንዝ ገብታ ትሞታለች።»

«ያቺኛዋስ? ባለፈው የነገርሽኝ?»

«እሷ ጥላ ትሄዳለች። አገሯን ዳግመኛ አታይም።»

ተናደድኩ። «እነዚህ ጸሐፊዎች ወይ ይገድሏታል ወይ ያሰድዷታል? እዚያው ሆና ሰውን ሁሉ አስቸግራ የምትኖር አንዲት ሴት የለችም?»

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀች። «አስቸግራ የምትኖር? እሷ መጽሐፍ አይጻፍላትም፣ እማማ።»

ያኔ ነው ቁርጥ ያደረግሁት። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም፤ ዝም ብዬ ግን አልሸኛትም።

በዚያው ሰሞን ከግብርና ጽሕፈት ቤት ማሽን በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ የእንሰት መፋቂያ ነው ተባለ። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር አለው፣ ሆዱ ውስጥ ጥርስ ያለው በርሜል የሚመስል ነገር ይሽከረከራል። ሴት ቀኑን ሙሉ የምትፍቀውን ቡና ተፈልቶ ሳይጠጣ ይፍቀዋል አሉ። ቀበሌው ሠልጣኝ ላኩ ሲባል የቤት አባወራዎችን ላከ፤ ማሽን ነዋ! ልጄም ከእነሱ አንዱ ነበር። ሠልጥኖ ቱታ ለብሶ ተመለሰ። ቱታውን ለቤተ ክርስቲያን ሁሉ ሊለብሰው ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኩት።

በማግስቱ ነገሩ ለሁሉም በራ። ማሽኑ የሚሠራው የት ነው? እንሰቱ ካለበት ጓሮ። የሚያንቀሳቅሰው ማነው? ወንድ። እዚያ ጓሮ የማይገባው ማነው? ወንድ። ከላኩት ሰዎች አንድ እንኳ ይህን አላሰበም፤ እኛም ሴቶቹ ሲሄዱ እያየን «መልካም መንገድ» ብለን ነው የሸኘናቸው። ማሽኑ ከቀበሌው መጋዘን አጠገብ ሸራ ለብሶ ቆመ። ዶሮ ይሰፍርበት ጀመር። የግብርናው ባለሙያ ወጣት ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን ሲደክመው «እናንተ ሴቶች ለውጥ አትፈልጉም» አለን። እኔ የማስበው ስልክ ስለምትፈታ ስለ ምራቴ እጅ ነበር።

መጀመሪያ የባሌን ታላቅ እህት ማሳመን ነበረብኝ። እሳቸው በእድሜ ሁላችንንም ይበልጡናል፤ የጓሮው ሥርዓት በእጃቸው ነው። ሳይፈቅዱ አንዲት ሴት መፋቂያ አታነሳም። ሄጄ እሳት ዳር አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«እትዬ፣ ያ ማሽን ቢገባስ?»

«ወንድ ሊያስገቡብን?»

«ወንዱማ አይገባም። ሥርዓታችን ወንድ አይግባ አለ እንጂ ማሽን አይግባ አላለም።»

«ማሽኑ ራሱ ምኑ ሴት ነው? ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ሲበላ ይውላል፣ ጎትተው ካላስነሱት አይነሳም። እኔ ሁለት ባል አግብቻለሁ፤ ወንድ አውቃለሁ።»

ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ነገሬን ሳልለቅ ቀጠልኩ። «ምራቴ ታንቀሳቅሰው።»

«ያቺ የጤፍ ልጅ? መፋቅ ያልቻለችው?»

«መፋቅ ስላልቻለች ነው። ካልያዝናት ትሄዳለች እትዬ። የወንድምዎን የልጅ ልጅ ይዛ ትሄዳለች።»

ረጅም ጊዜ እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያ ጣታቸውን አንስተው ትእዛዝ ሰጡኝ። ወንዶቹ ማሽኑን እስከ አጥሩ አድርሰው ይመለሱ፤ የምንጎትተው እኛ ነን። ምራትሽም እንደ ሴት ቀሚሷን ለብሳ፣ መቀነቷን ታጥቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ትምጣ። እዚያ ጓሮ እንደ ከተማ ልጅ አልቀበላትም አሉ። እሺ አልኩ። የማያስቸግር እሺ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ችግር ልጄ ነው። «ሚስትህን አስተምራት» ስለው ፊቱ ተለወጠ። «እማዬ፣ እኔ የሠለጠንኩበትን እሷ? ሰው ምን ይለኛል?» አለ። አላጨቃጨቅሁትም። እራት በላን፤ ከዚያ «እስቲ ለእናትህ ንገራት፤ ምን አስተማሩህ?» አልኩት። እናቱን ማስተማር ደስ ይለዋል። ብድግ ብሎ በርጩማውን ሞተር አደረገው። ነዳጁ እዚህ ይከፈታል፣ አየሩ እዚህ ይዘጋል፣ ገመዱ በአንድ ጊዜ ይሳባል፣ ሲጨንቅሽ ይህን ቀይ ቁልፍ ትጫኚያለሽ። ሚስቱ ጥግ ይዛ ልጅቷን ታጠባለች፤ ዓይኗ ግን በርጩማው ላይ ነው።

«ቀይዋ በየት በኩል ናት?» አልኩት፣ እንዳልሰማ ሆኜ።

«በግራ፣ እማዬ! ስንቴ ልንገርሽ?»

ምራቴ አንገቷን ነቀነቀች። እሱ አላያትም፤ በርጩማውን እያስነሳ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ወንዶቹ ማሽኑን አጥሩ ሥር አስቀምጠው እያጉረመረሙ ተመለሱ። እኛ በገመድ ጎትተን አስገባነው፤ አንዷ ስትገፋ ወድቃ ጭቃ ላይ ተንከባለለች። እትዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ምራቴ እንደታዘዘችው ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ አጣፍታ፣ መቀነት ታጥቃ መጣች፤ ለክርስትና የምትሄድ ትመስላለች።

ገመዱን ሳበች፤ አልተነሳም። «ስልኩ አልተከፈተም!» አለች አንዷ። ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ነካካች፣ ደግማ ሳበች፣ ተንደቀደቀ። ሴቶቹ ግማሾቹ ሮጡ። ቅርፊቱን አጎረሰችው፤ ነጩ እየተረጨ በስተታች ወጣ፣ ፈሳሹም ባሰናዳነው ባልዲ ወረደ። የሮጡት ተመለሱ። አንዷ እጇን ከሥሩ ሰዳ ጨበጥ አድርጋ አየች፣ አሸተተች። «ልሟል» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም።

ምራቴ ሌላ ቅርፊት ልታነሳ ስትዞር ነፋሱ ቀሚሷን ወደ ሞተሩ ወሰደው። የሚሽከረከረው የሞተር ቀበቶ ጠርዙን ያዘ። እንዴት እንደሆነ አላየሁም፤ ያየሁት ወደ ብረቱ ስትሳብ ነው። እትዬ በዚያ እድሜያቸው ከድንጋዩ ተስፈንጥረው በመቀነቷ ይዘው ወደ ኋላ ጎተቷት፤ እሷም እጇን ዘርግታ ቀይዋን ቁልፍ መታች። ሞተሩ ቀጥ አለ። ቀሚሱ እስከ ጉልበቷ ተቀዶ ብረቱ ላይ ተጠምጥሟል።

እንሰቱ ሥር ያስቀመጥናት የልጅ ልጄ ታለቅሳለች። ምራቴ እግሯን እያየች ነው፣ መኖሩን ለማረጋገጥ መሰለኝ። አበቃ አልኩ በልቤ። አሁን ነገ ሳይሆን ዛሬ ትሄዳለች።

እትዬ መቀነቷን አልለቀቁም። ሲያለከልኩ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ይህቺ ልጅ ሱሪ የላትም?»

«ሱሪ?»

«ሱሪ! የሚጠብቅ፣ የማይንጠለጠል! ቆመሽ ታይኛለሽ እንዴ?»

«ሱሪዋን እዚህ ከመጣች ወዲህ አላየሁትም።»

«የባሏን አምጪላት!»

ሮጥኩ። እኔ እንኳ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ። የልጄን ጂንስ ከገመድ ላይ አውርጄ አመጣሁ። ምራቴ እንሰቱ ጀርባ ገብታ ለበሰችው፤ ወገቡ ሰፍቷት በመቀነቱ አሰረችው። ነጠላውን አውልቃ ሰጠችኝ። ስትመለስ ከሴቶቹ አንዷ ልትሳደብ አፏን ከፈተች፣ ግን እትዬ ሲያዩዋት ዘጋችው።

«እማማ፣ ልጅቷን ያዥልኝ» አለችና ገመዱን ሳበች።

ወሬ ከእኛ በፊት ነው ወጥቶ የሄደው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ልጄ አጥሩ ጋ ደረሰ። ከማዶ ይጮኻል፤ ሚስቱ እንድንሰማው ሞተሩን አጠፋች።

«ሱሪዬን ለብሳለች አሉኝ! እውነት ነው?»

«እውነት ነው!» አለች ሚስቱ።

«ሰው እየሳቀብኝ ነው! መልሺልኝ!»

እትዬ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ግባና ውሰድ!» አሉት።

«አክስቴ፣ እዚያ መግባት እንደማልችል ያውቃሉ!»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ግባ ያልኩህ።»

ጓሮው በሳቅ ተናጋ። ምራቴ ሞተሩን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በአጥሩ እንጨቶች መካከል የልጄን ጫማ ብቻ ነው የማየው፤ ወዲያ ይላል፣ ወዲህ ይላል፣ አይሄድም። እናቱ ነኝና አዘንኩለት፤ ግን ልሄድለት አልተነሳሁም።

ቆይቶ ድምፁን ቀንሶ «ቀሚስሽን ያዘው አሉ እኮ» አለ። «ተጎዳሽ?»

«አልተጎዳሁም።»

«ያ ቀበቶ... ክዳን ነበረው። ሲያወርዱት ተነስቶ መጋዘን ቀርቷል። እኔ ነኝ ማየት የነበረብኝ።»

«እንግዲያው አምጣልኛ። ቤንዚንም ጨምር፤ እያለቀ ነው።»

ጫማው ትንሽ ቆመና ሄደ። ሲመለስ ጄሪካኑንና ክዳኑን በአጥሩ ላይ አሳልፎ አስቀመጠ። ክዳኑ እንዴት እንደሚታሰር ከዚያ ማዶ ሆኖ እየነገራት፣ እሷ «ገባኝ፣ ገባኝ» እያለች አሰረችው።

ሁሉም ነገር ደግ ሆነ አልልም። ማሽኑ ቃጫውን ይበጣጥሰዋል፤ ገመድ የሚፈትሉት ሴቶች እስከ ዛሬ ያማርራሉ፣ እውነትም አላቸው። ለቃጫ የሚሆነውን አሁንም በእጅ እንፍቃለን። ጩኸቱ ደግሞ ወሬያችንን በላው። ቶሎ ስለሚያልቅም ሴቶቹ ቶሎ ይበተናሉ፤ ያ ሁሉ የምንፈታው ነገር ሳይፈታ እንዳይቀር ፈራሁ። እትዬ መላ አበጁለት። ጉዳይ ያላት ሴት እጇን ታነሳለች፣ ምራቴ ሞተሩን ታጠፋለች፣ ሴትዮዋ ጉዳይዋን ትናገራለች፤ እስኪያልቅ ገመዱ አይሳብም። አንዳንድ ቀን ሞተሩ ከሚሠራበት የሚጠፋበት ጊዜ ይበልጣል።

መስቀል ሲደርስ ምራቴ ሚዛን ወረደች። ልጅቷንም ይዛ ነው የሄደችው። «መቼ ትመለሻለሽ?» ብዬ ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ልይዛት የምችለውን ያህል ይዣታለሁ፤ የቀረው የራሷ ነው። እኔም ቤቱ ሲጸጥ አልችልም፣ ፌስታሌን ይዤ ቴፒ ወረድኩ።

ቡና ስለቅም ስልኬ ጮኸ። «እማማ፣ የት ነሽ? ባሌም የለም፤ ቤቱን ዘግተሽ የት ሄድሽ?»

«አንቺስ የት ነሽ?»

«ጌጫ ነኛ! ቁልፉን የት አደረግሽው?»

ስመለስ ጓሮ ውስጥ አገኘኋት። ባለፈው የቆረጥነው እንሰት የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ አላስደሰታትም። ችግኙ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ በየትኛው ወር እንደሚዛወር ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ዛሬ ብትተክዪ እኮ የሚቆረጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው» አልኳት። «እስከዚያ ይህቺ ልጅሽ ትልቅ ልጅ ትሆናለች።»

«አውቃለሁ፣ እማማ። ለዚህ ነው ዛሬ የምጀምረው።»

መትከል በእኛ የወንድ ሥራ ነው፤ ፍቂያም ስላልነበረ ወንድ መግባት ይችላል። ባሏን ጠራችው። አካፋና ዶማ ይዞ መጣ። እሷ በእግሯ ለካች፣ እሱ ቆፈረ።

«ይሄ ተቀራርቧል» አለችው።

«አባቴም እንደዚህ ነው የተከለው።»

«ታዲያ ማሽኑ በየት ይለፍ?»

ዶማውን ተደግፎ መሬቱን አየ፣ እሷን አየ፣ የቆፈረውን ደፈነና ራቅ ብሎ እንደገና መቆፈር ጀመረ።